አማቴን ከቤታቸው ላስወጣ ላስታ የወጣሁበት ሳምንት

ባቱ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ካለ የመኪና ፍጥነት መቀነሻው ነው። ሜዳ ላይ ተወልጄ፣ ሜዳ ላይ አግብቼ፣ ሜዳ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ከፍቼ የምኖር ሰው ነኝ። እኛ ጋ ክፉ ነገር ከመጣ ከፊት ለፊት፣ በሐይቁ በኩል ነው የሚመጣው፤ መሬት ከበላዬ ይወርድብኛል ብሎ የሚሰጋ የለም። ስለዚህ ባለቤቴ ሀብታሙ አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ "ከአባባ ቤት ጀርባ ያለው ተዳፋት ተሰንጥቋል" ሲለኝ፣ "ታዲያ ለምን በሲሚንቶ አይደፍኑትም?" አልኩት። ሀብታሙ ራቱን ትቶ ብዙ አየኝ።

የሀብታሙ ወላጆች የሚኖሩት ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን ካለችው ብልባላ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ተሂዶ ነው። አባቱ አያ ሞገስ ሰባ አልፏቸዋል። ታናሽ ወንድሙ ካሴ እዚያው ጎረቤት ሆኖ ያርሳል፤ ስንጥቁን መጀመሪያ ያየውም እሱ ነው። ክረምቱ ከበረታ ተዳፋቱ እንዳለ ቤቱ ላይ ሊወርድ እንደሚችል የግብርና ባለሙያዋ ነግራቸዋለች። ልጆቻቸው ተራ በተራ እየደወሉ "ይውጡልን" ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ለሁሉም "እሺ" ይላሉ፤ አይወጡም።

ሀብታሙ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በዚያ ሰሞን የጅቡቲ ጭነት ይዞ ነበር። "አንቺ ሂጂ" አለኝ፣ "አንቺን እንቢ ማለት ያፍራሉ።" ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው። ግን መንገዱ ሲከፈት እኔ ነፍሰ ጡር፣ እኔ ሲመቸኝ መንገዱ ዝግ እየሆነ፣ አማቶቼን በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃቸውም ነበር። ልጃችንን ለእህቴ ትቼ፣ የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሰሞን ተነሳሁ።

አንደኛ ቀን፣ ከአዲስ አበባ ደሴ

ዋዜማውን አዲስ አበባ አድሬ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለአማት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ባቱ ደግሞ የምትታወቅበት ነገር ዓሣ ነው። ሃያ ቆሮሶ በዘይት አስጠብሼ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ አድርጌ ከመቀመጫዬ ሥር ሸጎጥኩት። በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር።

እስከ ደብረ ብርሃን ብርዱ አገዘኝ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ መጣ፤ ከሙቀቱ ጋርም ሽታው። "ማነው ጫማውን ያወለቀ?" አሉ ከኋላ አንድ አዛውንት። ተሳፋሪው ሁሉ አጎንብሶ የጎረቤቱን እግር መመርመር ጀመረ። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ምስኪን ሰውዬ በእርግጥም ጫማውን አውልቆ ኖሮ፣ የአውቶቡሱን ሁሉ ተግሣጽ ተቀበለ። ይቅርታ ጠይቆ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን ጠብቆ አሰረ። ሽታው ባሰ። እኔ በመስኮት በኩል ማሽላ ሳደንቅ ቆየሁ።

ካራቆሬ ላይ ሕሊናዬ አላስቻለኝም። "ዓሣ ነው፤ የኔ ነው" አልኩ። ረዳቱ ባልዲውን ወስዶ ከጣሪያው ላይ አሰረው። ባለጫማውን ሰውዬ ከሚሴ ላይ ሻይ ጋበዝኩት፤ እስከ ደሴ ድረስ ግን "የዓሣዋ ሴትዮ" የሚለው ስም አልለቀቀኝም። ማታ ባልዲውን ስከፍተው ለሰው የሚሰጥ አልነበረም። ያረፍኩበት ቤት ግቢ ውስጥ የነበሩት ድመቶች ግን የሠርግ ያህል በሉ።

ሁለተኛ ቀን፣ ከደሴ ወልድያ

ጠዋት ደሴ ገበያ ወርጄ ስኳርና አንድ ነጭ ነጠላ ገዛሁ። ውጫሌን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሚኒባሱ ቆመ፤ ከፊታችን የመኪና ሰልፍ አለ። ወርደን በእግር ስንጠጋ መንገዱ የለም። ቀይ ጭቃ ከግራ ወርዶ አስፋልቱን ተሻግሮ ከቀኝ እርሻ ገብቷል። የገረመኝ ባሕር ዛፎቹ ናቸው። ጭቃው መሐል፣ መንገዱ ላይ፣ እንደበቀሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ትናንት ላይ ቤት ነበሩ፣ ዛሬ ታች ናቸው። እኔ ናዳ ሲባል ድንጋይ የሚንከባለል ይመስለኝ ነበር፤ መሬት ከነዛፉ ተነሥቶ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። ያኔ ነው የሄድኩበት ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ፤ ፈራሁ።

መንገዱን የሚጠርገው ማሽን ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው ተባለ። ከመንገዱ ዳር ቤቷ በር ላይ የቆመች ሴት በእጇ ጠራችኝ። ዘሃራ ትባላለች፤ ከባሏ ጋር ማሽላና ፓፓያ ያመርታሉ። "ነይ ግቢ እህቴ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል?" አለችኝ። ማተቤን አየት አደረገችና "ሥጋ አለን፤ ላንቺ ግን እንቁላል ይጠበሳል፤ ሽሮም አለ፤ አብሽሪ" አለችኝ። እኔ ምንም ሳልናገር እሷ ሁሉን ጨረሰችው። ባቱ ብሆን ኖሮ ለማላውቀው ሰው በሬን የምከፍተው ቀሚስ ሊለካ ከመጣ ብቻ ነው፤ እውነቱን ልናገርና አፈርኩ።

እየበላን የምሄድበትን ነገርኳት። ዘሃራ ሣቀች፤ ሣቋ ግን የሚያውቅ ሰው ሣቅ ነበር። "እኛም ማዶ ነበርን" አለችኝ፣ ጭቃው የወረደበትን አቅጣጫ በአገጯ እያሳየች። "አንድ ክረምት በራችን አልዘጋ አለ። ባሌ አናጺ ጠርቶ አስላገው። በዓመቱ ደግሞ አልዘጋ አለ፤ ደግሞ አስላገው። በሩ አልቆ ጣውላ ሆነ! ወላሂ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው መሬቱ መሆኑን ያወቅነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ለቀን ወጣን። እሱ ግን እስከ ዛሬ አናጺው ነው ያበላሸው ይላል።"

ማሽኑ መጣ፤ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ተጠረገ። ልከፍላት ብሞክር ተቆጣች፤ ጭራሽ ሁለት ፓፓያ አስታቀፈችኝ። "ለሽማግሌው ስጪልኝ። 'በር ሲጠብቅብህ በሩን አትላግ' ብላለች በያቸው" አለችኝ። ወልድያ የደረስነው ሲመሽ ነው።

ሦስተኛ ቀን፣ ከወልድያ ላሊበላ

ከወልድያ ወደ ምዕራብ፣ ዲልብ ላይ መንገዱ ሽቅብ ይጠማዘዛል። በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ አጠገቤ ያለችው ሴት ስታማትብ እኔም አብሬ አማተብኩ፤ ስንወጣ ክንዴ ዝሎ ነበር። አናቱ ላይ ሌላ አገር ነው። ጋሸና ላይ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ እኔ በባቱ ሸሚዝ ነኝ። የገዛሁትን ነጠላ አማቴ ሳያዩት ለበስኩት።

ላሊበላ ካሴ ጠበቀኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ከወንድሙ ጋር አንድ ዓይነት ጆሮ አላቸው። "እታለም" ይለኛል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጭቃ የጠጣ ጫማዬን ወስዳ ምድጃ ዳር ሰቀለችልኝ፤ የራሷን ሸበጥ አጥልቄ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት። ሸበጡ ከእግሬ ሁለት ቁጥር ይበልጣል። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሌሎች ጽፈዋል፤ እኔ የማስታውሰው ቁልቁል ስወርድ አንደኛው ሸበጥ ቀድሞኝ ሲወርድ ነው። ግን አንድ ጊዜ ግድግዳውን ዳስሼ ቆምኩና እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ካሴም ዳሰሰው። "ይኸ ድንጋይ ነው፤ አይሄድም" አለኝ። "የኛ ሸክላ አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ይከብደዋል፤ ከሥሩም ይሙለጨለጫል።"

"ታዲያ አባባ ይህን አያውቁም?"

ካሴ ነጠላውን አስተካከለ። "እዚያ ስንደርስ እርስዎ ራስዎ ያዩታል" አለኝ።

አራተኛ ቀን፣ ብልባላና ከዚያ ወዲያ

የብልባላ ገበያ ቀን ስለነበር ከእህልና ከዶሮ ጋር በአይሱዙ ሄድን። ከዚያ ካሴ በቅሎ አመጣልኝ። ሜዳ ላይ ባጃጅ ለለመደ ሰው በቅሎ ላይ መቀመጥ ማለት ሕይወትን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ነው። በቅሎዋ የምትሄደው በገደሉ ጠርዝ በኩል ነው፤ ሰፊ መንገድ እያለ ለምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ቤቱ ሲታየኝ በረዶ መውረድ ጀመረ። ባቱ በረዶ ማለት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ነው። ይኸኛው ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል ሆኖ አናት ይመታል። ከበቅሎዋ ዘልዬ ወረድኩና ዝናብ እንደነካት ዶሮ ሮጬ በመጀመሪያ ያገኘሁት በር ገባሁ።

ውስጥ እልልታ ሊያሰሙ የተሰለፉ ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አማቴ እማማ ውድነሽ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። "ወየው ጉዴ! ገባች!" አሉ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። በነሱ መንደር አዲስ ምራት የአማቶቿን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትረግጥ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። አማቷ "ግቢ" ይሏታል፤ አትገባም። በግ ይላሉ፤ አትገባም። ጊደር ይላሉ። ደስ ሲላት ቀኝ እግሯን ታስገባለች፣ እልል ይባልላታል፤ እዚያ ደጃፍ ላይ በሰው ፊት የጠየቀችው አይከለከልም፣ የተሰጣትም አይመለስም። አያ ሞገስ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚሉትን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። እኔ በነጻ ገባሁ።

"ደግ ነው፣ ደግ ነው፤ እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ" አሉኝ አያ ሞገስ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው እያለበሱኝ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፂማቸው የተከረከመ ሽማግሌ ናቸው። በጉ ግን አልቀረልኝም፤ ታርዶ ተበላ። የዘሃራን ፓፓያም ቀምሰው "ዱባ ነው፤ ግን ጣፋጭ ዱባ ነው" አሉ። መልእክቷን አላደረስኩም፤ ቤቱን ስንዘጋው በሩ ከመቃኑ ጋር ሲታገል አየሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

አምስተኛ ቀን፣ ተዳፋቱ ላይ

ጠዋት ካሴ ከቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። ስንጥቁ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ብሎ ተዳፋቱን ከዳር ዳር ይዞታል፤ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ታቹን አልነካሁም። ካሴ ከስንጥቁ በላይና በታች ሁለት ችካል ተክሏል። ልብስ ሰፊ ነኝና ሜትር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ከችካል እስከ ችካል ለካሁ። ማታ ተመልሼ ደግሜ ስለካ አንድ ጣት ያህል ሰፍቷል። የደንበኛ ወገብ በአንድ ቀን እንዲህ ሲሰፋ አይቼ አላውቅም።

የባሰው ከስንጥቁ በላይ ያለው ነው። ተዳፋቱ ላይ በመስመር፣ እኩል በእኩል የተቆፈሩ የውሃ ማስረጊያ ቦዮች አሉ። ጠርዛቸው እንደተተኮሰ ልብስ ነው፤ ሁሉም እስከ አፋቸው ውሃ ሞልተዋል። "እንዴት ያምራል! ማን ቆፈረው?" አልኩት።

"አባባ" አለኝ ካሴ፣ ማዶ ማዶ እያየ።

ከብዙ ዓመት በፊት ሥልጠና ሄደው ነው የተማሩት። ትምህርቱ ውሃውን ለማስረግ ትንሽ ብቻ ዘንበል ያለ መሬት ላይ እንዲቆፈር ነበር። እሳቸው በጣም ወደዱትና ከቤታቸው ጀርባ፣ ቀጥ ባለው ሸክላ ላይ፣ በጥልቀቱ እጥፍ አድርገው ቆፈሩት። ለጥቂት ዓመት ታች ያለው ምንጭ ጎላ፣ ሣሩ ለመለመ፤ ከሌላ ቀበሌ ሰው እየመጣ አየው፤ ጎረቤቶቻቸውም እሳቸውን አይተው እንዲሁ ቆፈሩ። ምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አሁን ያ ሁሉ ውሃ ተዳፋቱ ሆድ ውስጥ ነው። ባለሙያዋ ቦዮቹ ተከፍተው ውሃው በጎን ወዳለው ቦረቦር ይፍሰስ ብላ ለካሴ ነግራዋለች። አያ ሞገስ ፊት ይህን የተናገረ ሰው ግን የለም። ይኸው እሳቸው ራሳቸው በየጠዋቱ ዶማቸውን ይዘው ወጥተው ቦያቸውን ይጠርጋሉ።

ስንወርድ ካሴ ከቦረቦሩ ማዶ፣ ድንጋያማው ጭንጫ ላይ የቆመ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ አሳየኝ፤ ትንሹ ወንድሙ ለትዳሩ ብሎ ጀምሮ የተወው ነው። ቤት ስመለስ እማማ ውድነሽ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ይለስናሉ። "ጠዋት እለስነዋለሁ፣ ማታ ይከፈታል" አሉኝ። ቁጭ ብዬ ጭቃውን አቦካሁላቸው።

"እማማ፣ ለምንድን ነው የማይወጡት?"

"አይ ልጄ። 'ውጣ' ሲሉት እሱ የሚሰማው 'ቦይህ ነው ያፈረሰን' ሲሉት ነው። ከወጣ አመነ ማለት ነው። እንዲህ ተብሎ የሚወጣ ሰው አይደለም፤ አርባ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ።" እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና በዓይናቸው ሥር አዩኝ። "አንቺ ግን ገና አልገባሽም።"

"ትናንት የገባሁት ማን ነኝ ታዲያ?"

"ትናንት የገባችው በረዶ ያባረራት መንገደኛ ናት። ምራቴ ገና ደጅ ናት።"

ስድስተኛ ቀን፣ ደጃፉ ላይ

ማታውን ካሴ ቤት አሳደሩኝ፤ ጠዋት በአዲስ መልክ መጣሁ። በዚያችው በቅሎ፣ ጥላ ተይዞልኝ፣ ሴቶቹ ከበሮ ይዘው። እማማ ውድነሽ "እንዲህ ተዝረክርካ የገባች ምራት ሰው ፊት ታሳፍረናለች፣ በወጉ ትግባ" ብለው መንደሩን ሁሉ ጠርተዋል። ቄስ ወልዴም መስቀላቸውን ይዘው ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ሞገስ ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ደስ ብሏቸዋል።

"ግቢ ልጄ" አሉኝ። ቆምኩ።

"በግ ሰጥቼሻለሁ፤ ግቢ።" ቆምኩ። ሰዉ ሣቀ።

"ጊደር ሰጥቼሻለሁ።" ሴቶቹ እልልታቸውን ለቀቁት፤ እኔ አልተንቀሳቀስኩም። እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ።

አያ ሞገስ ፂማቸውን ዳበሱ። "በሬ" አሉ ቀስ ብለው። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ኧረ ስግብግብ ናት!" ስትል ሰማሁ። ለአራሽ ሰው በሬ ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ከሐፍረቴ ልገባ አንድ እግሬን አነሣሁ። የእማማን ዓይን አየሁና መልሼ አወረድኩት።

"አባባ" አልኩ፣ "በሬውንም ጊደሩንም አልፈልግም። የምገባበት ቤት ይስጡኝ። ከቦረቦሩ ማዶ፣ ጭንጫው ላይ፣ ትንሹ ልጅዎ ለትዳሩ ብሎ ያቆመው ግድግዳ ጣሪያ ሳይኖረው ቀርቷል። እርስዎና እማማ እዚያ ተቀምጣችሁ 'ግቢ' ሲሉኝ እገባለሁ። እዚህ ግን አልገባም።"

አያ ሞገስ ቀና ብለው ተዳፋቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ቤቴን ነው የጠየቅሽኝ?"

"አዎ አባባ።"

"ተዳፋቱ ይወርዳል ብለሽ ነው?"

አዎ ብል ሁሉ ነገር አበቃ። ችካሉም፣ ሜትሩም፣ ያ ሁሉ ውሃም አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። "አይ አባባ" አልኩ፣ "ምራትዎ ስለሆንኩ ነው።"

ቄስ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አያ ሞገስ፣ ምራት ደጃፍ ቆማ የጠየቀችው እኮ…" ሲሉ፣ "አውቃለሁ አባ፣ አውቃለሁ" ብለው አቋረጧቸው። መቃኑን በመዳፋቸው ጥቂት ዳበሱት። "እንግዲያ ጣሪያውን ውሰጂ" አሉኝ። "ግድግዳውን ተዪልኝ።"

እማማ ውድነሽ ቀድመው እልል አሉ።

ሰባተኛ ቀን፣ ጣሪያው ሲሻገር

ማግስቱ ክብረ በዓል ነበር፤ እርሻ የለም፣ ወንዱ ሁሉ ቤቱ ነው። አንዳንዱ "በበዓል ቀን?" ብሎ ሲያመነታ ቄስ ወልዴ "ዶማ አንሡ አላልኩም፤ ጣሪያ አንሡ ነው ያልኩት" ብለው ነገሩን ጨረሱት።

አርባ የሚሆኑ ወንዶች የሣር ክዳኑን ከግድግዳው ፈትተው፣ ከሥሩ ገብተው "ሆ!" ብለው ተሸከሙት። ከሩቅ ሲታይ እግር ያወጣ ባርኔጣ ይመስላል። ውስጥ ያሉት የሚያዩት የራሳቸውን እግር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አያ ሞገስ በትራቸውን ይዘው ወደ ኋላ እየሄዱ "ወደ ቀኝ! ቀኝ አልኩ! ያ የማን ቀኝ ነው?" እያሉ ይመሩ ነበር። አርባ ሰው በጀርባና በፊት ቆሞ ቀኝ የት እንደሆነ አይስማማም። ቦረቦሩ ጋ ሲደርሱ ጣሪያው ሁለት ጊዜ በራሱ ላይ ዞረ፤ ክዳኑ ውስጥ ጎጆ ሠርታ የነበረች ዶሮ እየተንጫጫች ወጣችና አንዱን ሰውዬ ፊቱን ቧጠጠችው። ሣቁ ሸክሙን ሊያስጥላቸው ምንም አልቀረው። እኛ ሴቶቹ ጠላና የገብስ ዳቦ ይዘን ተከተልን።

የአዲሱ ግድግዳ ክብ ከአሮጌው ጋር በአንድ ገመድ የተለካ ነው ተብሎ ነበር። ጣሪያው ሲያርፍ ግን በአንድ በኩል አንድ ክንድ ተረፈ፤ ቤቱ ቆቡን ያዘመመ ሰው መሰለ። ሙያዬ ነውና ሜትሬን ይዤ ዞርኩ፤ ማስተካከያ ግን አልነበረውም፤ ጨርቅ አይደለም። አያ ሞገስ ዞር ዞር ብለው አዩትና "ዝናቡ ከዚያ በኩል ነው የሚመጣው፤ ይሻላል" አሉ። ሁሉም ተስማማ።

ወደ ማታ እሳቸውና እማማ አዲሱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። "አሁን የምሰጥሽ የለኝም፤ ጣሪያዬን ወስደሽብኛል። ግቢ" አሉኝ። በቀኝ እግሬ ገባሁ። ያን ያህል እልልታ በሠርጌም ቀን አልሰማሁም።

ከተመለስኩ በኋላ

ስመለስ በሦስት ቀን ባቱ ገባሁ። ሜዳውን ሳይ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን ለጥቂት ቀን ሁሉ ነገር በጣም ዝቅ ያለ መሰለኝ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን የዩኒፎርም ሱሪ እያሳጠርኩ ስልኬ ጮኸ። አያ ሞገስ ናቸው። እሳቸው ሁልጊዜ የሚያናግሩኝ በእማማ በኩል "ሰላም በያት" እያሉ ነው፤ ራሳቸው ደውለው አያውቁም።

"ወረደ" አሉኝ።

"ምኑ አባባ?"

"ተዳፋቱ። ዝናብ እንኳ አልነበረም፤ ፀሐይ ወጥቶ፣ እኛ አረም ላይ ሳለን ነው። ግድግዳው የለም። መደቡም የለም። እናትሽ የምትተኛበት ቦታ ላይ አሁን የወይራ ዛፍ ቆሟል። ሰውም ከብትም አልተነካም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል፤ ስልክ የሚይዘው ኮረብታው አናት ላይ ስለሆነ ሽቅብ ወጥተው ነው።

"ያወረድኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ውሃውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አንቺም ታውቂ ነበር። ካሴም፣ እናትሽም ታውቅ ነበር። ደጃፍ ላይ ስጠይቅሽ ሰው ፊት ያላዋረድሽኝ አውቀሽ ነው።"

"አባባ…"

"ቆይ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ተናገርኩ። 'እኔን አይታችሁ የቆፈራችሁ ሁሉ፣ አሳስቻችኋለሁ' አልኳቸው። አሁን ከልጆቹ ጋር በየተራ የሁሉንም ቦይ ወደ ቦረቦሩ እየከፈትን ነው። ሁለት ቤት ቀረን። ሰዎቹ ዶማ ይዘው ቆመው እየጠበቁኝ ነው፤ ደህና ዋይ ልጄ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሱሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ደንበኛዬ ደንግጣ "ምን ሆነሽ? ሰው ሞተ እንዴ?" አለችኝ። "የለም፤ ማንም አልሞተም" አልኳት።